«ፔራድቬንቸር» እና «ቢመጣስ»፤ ስለ አንድ ያረጀ የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግስና ስለ ስደት አማርኛችን

በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ «የጥንት» የሚል ምልክት ከተለጠፈባቸው ተውሳከ ግሶች አንዱ «ፔራድቬንቸር» ነው። ትርጉሙን የጠየቀ ሰው «ምናልባት» የሚል አጭር መልስ ያገኛል፤ መልሱም ስሕተት አይደለም። ይሁንና በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ የማኅበራችን አባላት ባለፈው የበረዶ ወራት ኦሪት ዘፍጥረትን በእንግሊዝኛና በአማርኛ ጎን ለጎን ሲያነቡ ይህ አጭር መልስ ከረጅም ክርክር ላይ ጣላቸው። ክርክሩ ስለ አንድ የባዕድ ቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ የመጽሔታችንን ገጽ ባላጣበብንበት ነበር። የተነሣው ጥያቄ ግን ወደ ራሳችን የሚመለስ ነው። እርግጠኛ ያልሆነውን ነገር በአማርኛ የምንናገረው እንዴት ነው? በስደት የምንጽፈውስ አማርኛ ይህን ችሎታ ይዞታል ወይስ በመንገድ ጥሎታል?

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንቱ ፈረንሳይኛ ሲሆን «በአጋጣሚ፣ እንደ መጣ» ማለት ነበር። ቾሰር በ14ኛው መቶ ዓመት ሲጽፍ ያለ «ድ» ድምፅ ይጠቀምበታል፤ «ድ» የተጨመረችው ኋላ ቃሉን ከላቲን ሥሩ ጋር ለማስታረቅ ተብሎ ነው። የላቲኑ ሥር «መምጣት፣ መድረስ» ማለት ነው፤ ምዕራባውያን ከገና በፊት ያለውን የመጠባበቂያ ወቅት «አድቬንት» የሚሉትም ከዚያው ወስደው ነው። እንግዲህ በቃሉ ሆድ ውስጥ ያለው አለማወቅ ሳይሆን ገና በመንገድ ላይ ያለ፣ ሊደርስም ላይደርስም የሚችል ነገር ነው። ከእኛ ቃላት በዚህ ረገድ የሚቀርበው «ድንገት» ይመስለናል፤ «ድንገት ቢመጣ ንገረው» ስንል ሰውየውን በዓይነ ሕሊናችን መንገድ ላይ አቁመነዋል። በግእዝ «ዮጊ» ሁለት ፊት ነበረው፤ አንድ ጊዜ «ምናልባት»፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ «እንዳይሆን» ማለት ነው። ተስፋና ሥጋት በአንድ ቃል ማደራቸው ለስደተኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ቃሉ ስሙን ያተረፈው በ1611 እ.ኤ.አ. በታተመው በንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በዘፍጥረት ምዕራፍ 18 ነው። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰዶም ልትጠፋ ነው፤ አብርሃምም በፈጣሪው ፊት ቆሞ ስለ ከተማይቱ ይከራከራል። ከ50 ጻድቃን ይነሣና እየቀነሰ 10 ላይ ይቆማል። በእንግሊዝኛው «ፔራድቬንቸር» በዚህ ክርክር ውስጥ ስድስት ጊዜ ይመጣል፤ ለስድስቱም ቁጥሮች አንድ አንድ ጊዜ። ስድስት ጊዜ የተደጋገመ ቃል የደራሲ ስንፍና ወይም የተርጓሚ ድህነት የሚመስለው አንባቢ ካለ ሁለተኛውን ጥያቄ ደግሞ ይመልከት። አብርሃም «45 ቢገኙ» አይልም። ከ50ው አምስት ቢጎድሉ ነው የሚለው። ቁጥሩ ያው ነው፤ ሸክሙ ግን ተዛውሯል። አሁን ጥያቄው ስንት ጻድቃን ተገኙ የሚል መሆኑ ቀርቶ ለአምስት ሰው ጉድለት ከተማ ይጠፋልን የሚል ሆኗል። እንዲህ ያለ ጠበቃ አላዋቂ አይደለም። «ምናልባት» እያለ የሚናገረውም የሚለውን ስላላወቀ ሳይሆን ኃይለኛው ፊት ቀጥ ብሎ መጠየቅ ስለማይቻል ነው። ደጅ ሲጠና ያደገ፣ ለሹም አቤቱታ ሲቀርብ የሰማ ኢትዮጵያዊ ይህን ዓይነት ንግግር ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ቃሉ በትሕትና ካባ የተሸፈነ ድፍረት ነው።

የሚያስገርመው የኋለኞቹ የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎች የሄዱበት መንገድ ነው። ብሉይ ኪዳኑ በ1952 የወጣው የተሻሻለው ትርጉም ቃሉን ጥሎ «እንበል» በሚል ግስ ተካው፤ በ1978 የተጠናቀቀው ሌላው ትርጉም ደግሞ «ቢሆንስ?» ወደሚል ጥያቄ ለወጠው። ሁለቱም ተውሳከ ግሱን ትተው ወደ ግስና ወደ ጥያቄ ሸሹ ማለት ነው። አማርኛ ግን ጥንቱንም እዚያው ነበር። «ቢ» በግሱ ራስ፣ «ስ» በግሱ ጅራት፦ «ቢመጣስ?» በአንዳንድ አገር ሰው አነጋገር «ቢመጣሳ?» በአንዲት ግስ ውስጥ ግምቱም፣ ጥያቄውም፣ ጉትጎታውም ተጠቃሎ ገብቷል። እንግሊዝኛ ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ በሁለት ቃላት የደረሰበትን የእኛ እናቶች በገበያ ዋጋ ሲያስቀንሱ ይናገሩታል።

ሼክስፒርም ቃሉን ያውቀዋል። በ«ሄንሪ አምስተኛ» አራተኛ ገቢር፣ ከአዣንኩር ጦርነት በፊት ባለችው ሌሊት፣ ንጉሡ ማንነቱን ሰውሮ ከተራ ወታደሮች ጋር ይከራከራል። የክርክሩ ፍሬ ነገ ለሚሞቱት ሰዎች ነፍስ ተጠያቂው ማን ነው የሚል ነው። ንጉሡ ቃሉን የሚያነሣው ከወታደሮቹ አንዳንዶቹ ቀድሞውኑ የነፍስ ግዳይ ኃጢአት ተሸክመው የመጡ ሊሆኑ እንደሚችሉ ሲናገር ነው። አቀማመጡን ልብ ይሏል። በአብርሃም አፍ ደካማው ስለ ሌሎች ሲል ኃይለኛውን የሚጠይቅበት ቃል፣ በንጉሡ አፍ ኃይለኛው ጥፋቱን ወደ ደካማው የሚያሻግርበት መሣሪያ ሆኗል። ወደዚህ ነጥብ እንመለስበታለን።

ዛሬ ቃሉ በሕይወት ያለው በዋናነት በፍርድ ቤት ነው፤ እሱም በአሉታ ታስሮ። መቀመጫውን ኒው ኦርሊንስ ያደረገው የአሜሪካ አምስተኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1986 በሰጠው በአንድ ፍርድ፣ የማስረዳት ሸክም ያለበት ተከራካሪ ያለ ሙሉ ክርክር ይፈረድልኝ ሲል ጉዳዩን «ከፔራድቬንቸር ባሻገር» ማስረዳት አለበት ብሏል፤ ሐረጉም እስከ ዛሬ በዳኞች ጽሑፍ ይጠቀሳል። «ምናልባት» ይል የነበረው ቃል «ምናልባት የሌለበት» ለማለት ብቻ የሚጠራ ሆነ። የእኛው «ምናልባት» ወደ ስምነት ሲያድግ የሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው። «ለምናልባቱ» እንላለን፤ ለምናልባቱ ጥቂት እህል ይቀመጥ፣ ለምናልባቱ የጎረቤት ቁልፍ ይኑር። የእንግሊዞቹ ወደ ችሎት ሲገባ የእኛው ጓዳ ገባ። ሻንጣችንን ሙሉ በሙሉ ሳንፈታ ሃያና ሠላሳ ዓመት የኖርን ሰዎች «ለምናልባቱ» ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ መስካሪ አያሻንም።

አሁን ወደ አማርኛው እንግባ። የአማርኛ «ምናልባት» (ምን አልባት ብለው ለይተው የሚጽፉትም አሉ) በጥንቃቄ ከሚናገር ሰው አፍ ብቻውን አይወጣም። ወይ ከ«ቢ» ጋር ይውላል፣ «ምናልባት ቢመጣ ንገረው»፤ ወይ ከ«ይሆናል» ጋር፣ «ምናልባት ይመጣ ይሆናል»። ሥራውን የሚሠራው ግሱ ነው፤ ተውሳከ ግሱ አጃቢ ነው። ግሱ ደግሞ ደረጃ አለው። «ይመጣ ይሆናል» ያለ ሰው አልፈረመም። «ሳይመጣ አይቀርም» ያለ ግን ሁለት አሉታ ደራርቦ ከእርግጠኝነት ደጃፍ ደርሷል። «መጥቶ ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ ለራሱ ነው የሚናገረው። «ይመጣ እንደሆነ እንጃ» ያለ ዕውቀቱን ብቻ ሳይሆን ኃላፊነቱንም አውርዷል። «የመጣ እንደሆነ» ደግሞ ዛቻም ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ በአንድ «ሜይቢ» መተርጎም ወርቅን፣ ብርንና ናስን በአንድ ሚዛን ጥሎ «ብረት» እንደ ማለት ነው። በእነዚህ ከተሞች ልጆቻችንን ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የምናስተምር ሁሉ የምናውቀው አንድ ነገር አለ። እዚህ የተወለደ ልጅ «አጎትህ ሳይመጣ አይቀርም» ሲባል ሁለቱን አሉታዎች ሰምቶ ይከፋዋል፤ አጎቱ የቀረበት ይመስለዋልና።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። የጥገኝነት ጠያቂ ቃል በአስተርጓሚ አፍ ሲያልፍ ምን ይሆናል? የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ከ1980 ጀምሮ ጠያቂው «በቂ መሠረት ያለው ፍርሃት» እንዲያሳይ ይጠይቃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1987 ከኒካራጓ በመጣች ሴት ጉዳይ ላይ ሲፈርድ፣ የሚፈራው ነገር የመድረሱ ዕድል ከግማሽ በታች ቢሆንም ፍርሃቱ መሠረት ያለው ሊሆን እንደሚችል፣ ከ10 አንድ ዕድል እንኳ ሊበቃ እንደሚችል አስረድቷል። ወደ መጣበት አገር እንዳይመለስ የሚከለክለውን ሌላውን ጥበቃ ለማግኘት ግን በ1984 በተሰጠው ፍርድ መሠረት አደጋው ከመቅረቱ ይልቅ መድረሱ የሚያመዝን መሆን አለበት። (አብርሃምም 10 ላይ መቆሙ የቁጥር አጋጣሚ ነው፤ ብዙ ልናደርገው አንፈልግም።) እንግዲህ ሕጉ ራሱ በዕድል መጠን የሚመዝን ከሆነ፣ «ብመለስ ሳይገድሉኝ አይቀሩም» ያለ ሰው ቃል «ምናልባት ይገድሉኛል» ሆኖ ሲተረጎም ሰውየው ከአንደኛው ሚዛን ወደ ሌላው ወርዷል። አስተርጓሚው አልዋሸም። መዝገበ ቃላቱን ከፍቶ ቢያይም ምንም ስሕተት አያገኝም። የጠፋው ግሱ ውስጥ የነበረው ነው።

መዝገበ ቃላት ካነሣን ዘንድ ስለ አንድ ሰው ጥቂት እንበል። በ1990 በሁለት ቅጽ የታተመውን ታላቁን የአማርኛ-እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ቶማስ ሊፐር ኬን የሰበሰባቸው የኢትዮጵያ ብራናዎች እዚሁ ዋሽንግተን፣ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ከሲልቨር ስፕሪንግ በምድር ባቡር በቀላሉ ይደረሳል፤ ከአሌክሳንድሪያም እንዲሁ። አባሎቻችን ሄደው ሲያነቡ ያየንበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው።

አሁን ደግሞ የራሳችንን ጽሑፍ እንመርምር። ለመጽሔታችን በሚደርሱን ግጥሞችና አጫጭር ልብ ወለዶች ውስጥ «ምናልባት» የዓረፍተ ነገር ራስ ላይ ተቀምጦ ግሱ ግን እንደ ተራ ዘገባ የሚሄድበት አጻጻፍ እየበረከተ መጥቷል። የማንንም ሥራ ሳንነካ ራሳችን የቀመርነውን ምሳሌ እንስጥ። «ምናልባት እናቴ ደጅ ቆማ ትጠብቀኛለች።» ይህ ዓረፍተ ነገር የአማርኛ ልብስ የለበሰ እንግሊዝኛ ነው። አማርኛው ቢያንስ ሦስት ሌሎች ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ ሦስቱም የተለያዩ ልጆችን ያሳዩናል። «እናቴ ደጅ ቆማ ትጠብቀኝ ይሆን?» የሚለው ልጅ በናፍቆት ብቻውን ያወራል። «ሳትጠብቀኝ አትቀርም» የሚለው እናቱን ያውቃታል፤ በእሷ አይጠራጠርም። «ብትጠብቀኝስ?» የሚለው ግን ራሱን ከሷል፤ እንደማይመለስ ያውቃልና። ጸሐፊው ከሦስቱ አንዱን ሳይመርጥ «ምናልባት» ብሎ ሲያልፍ የጠፋው የቋንቋ ጌጥ አይደለም። ልጁ ማን እንደሆነ ሳንረዳ እንቀራለን።

በፖለቲካ ጽሑፋችን ደግሞ ነገሩ ይከፋል። በአውሮፓው ማኅበር ልሳን በ«ታጠቅ»ም ሆነ በሰሜን አሜሪካው በ«ቻሌንጅ» የ1960ዎቹ ትውልድ ሲጽፍ «ምናልባት» ብርቅ ነበር። ሁሉ ነገር የታወቀ፣ የተተነተነ፣ የማይቀር ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ደም ከፈሰሰ በኋላ በተጻፉት የመታሰቢያና የግምገማ ጽሑፎች ግን ቃሉ በድንገት በዝቶ እናገኘዋለን፤ «ስሕተት ተፈጽሞ ሊሆን ይችላል»፣ «ምናልባት መስዋዕትነቱን መቀነስ ይቻል ነበር» በሚሉ ቅርጾች። ፈጻሚው በተገብሮ ግስ ተሰውሯል፤ ድርጊቱም በ«ይችላል» ተሸፍኗል። ይህ የአብርሃም «ምናልባት» አይደለም። የንጉሥ ሄንሪ ነው። ነገሩ ገና ክፍት ሳለ፣ ጓድ በጓድ ላይ ጣቱን ሲቀስር፣ «ስሙ በስሕተት የተመዘገበ ቢሆንስ?» ብሎ የጠየቀ ድምፅ ስንት ነበር? ያኔ የቀረው ቃል ዛሬ ስለበዛ ጉድለቱ አይሞላም።

በዚህ መካከል አንድ የአማርኛ ልብ ወለድ ርእሱን ከተውሳከ ግስ ወስዷል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጣ። ቃሉ ከጣሊያንኛ በኤርትራ በኩል የመጣ ሲሆን፣ በጣሊያንኛው «እንግዲህ፣ ከአሁን ወዲያ» የሚል ተውሳከ ግስ ነው፤ በአሥመራ ሰው አፍ «አለቀ፣ አበቃ» የሚል ጣዕም አለው። «ፔራድቬንቸር» ገና ያልደረሰውን ነገር በር ከፍቶ ይጠብቃል፤ «ኦሮማይ» በሩን ይዘጋል። ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻ የሚተርክ፣ በድል እርግጠኝነት በተነፋ የፕሮፓጋንዳ ቋንቋ መካከል የሚመላለስ መጽሐፍ በዚህ ቃል መሰየሙ በእኛ አስተያየት ከመጽሐፉ ምርጥ ውሳኔዎች አንዱ ነው። ዘመቻው «ሳናሸንፍ አንቀርም» ሲል ርእሱ ከሽፋኑ ላይ ሆኖ መልሱን ሰጥቶታል። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። መጽሐፉ በ2025 በእንግሊዝኛ ሲወጣ ርእሱ እንዳለ «ኦሮማይ» ተብሎ ቀረ፤ በእንግሊዝኛ የሚተካው አንድ ቃል ስላልነበረ መልካም አደረጉ እንላለን። የደራሲው ቤተሰብ ግን ለዓመታት የኖረው በ«ኦሮማይ» ውስጥ አይደለም። ሬሳ ያልተሰጠው ቤተሰብ «ቢመጣስ?» ነው የሚለው።

በእንግሊዝኛ ከሚጽፉት ወገኖቻችን መካከል ይህን ጉዳይ ከሁሉ አጥብቆ የያዘው ዲናው መንግሥቱ ነው። በ2007 በወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ የዋናው ገጸ ባሕርይ አጎት ኢትዮጵያውያን በሞሉት ረጅም ፎቅ ውስጥ ይኖራል፤ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ የኖረ አንባቢ ሕንጻውን ሳያውቀው አይቀርም። ለእኛ ነገር ግን የሚጠቅመው በ2010 የወጣው ሁለተኛው መጽሐፉ ነው። ተራኪው ዮናስ በኒው ዮርክ የጥገኝነት ጠያቂዎችን ቃል እያረመ፣ እየጨመረም የሚጽፍ ሰው ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ወላጆቹ ከፒዮሪያ ወደ ናሽቪል ያደረጉትን፣ እሱ ያላየውን ጉዞ ይተርካል። ባለማወቁ ላይ ተመሥርቶ የማያውቀውን ይፈጥራል፤ ግሱ ግን አይንቀጠቀጥም። ምናልባትነቱ ከግሱ ወጥቶ በመጽሐፉ አሠራር ውስጥ ተበትኗል፤ አንባቢው እያንዳንዱን ትዕይንት ካየ በኋላ ነው «ይህ ሆኖ ይሆን?» የሚለው። እንግሊዝኛ በግሱ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ቦታ ስለሌለው ደራሲው በመዋቅር ከፈለው። ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ከባድ ምርጫ ይጠብቀዋል። በእያንዳንዱ ግስ ላይ «ይሆናል»ን ቢጨምር ታሪኩ ይፈራርሳል፤ ባይጨምር ደግሞ ተራኪው በአማርኛ አንባቢ ዘንድ ዋሾ ይሆናል። እኛ ባይጨምር እንመርጣለን፤ ዋሾ መባልን ዮናስ ራሱ የሚሸሸው አይደለምና።

የዘፍጥረቱን ክፍል በተመለከተ የሁለቱ ከተሞች አባላት አልተስማሙም። የእንግሊዝኛውን ስድስት «ፔራድቬንቸር» ለሙከራ ወደ አማርኛ ስንመልስ የሲልቨር ስፕሪንጎቹ «ምናልባት»ን ስድስቱንም ጊዜ ከ«ቢገኙስ» ጋር እንያዝ አሉ፤ የሚያንኳኳ ሰው አንኳኳቱን አይለውጥም የሚል ነበር ምክንያታቸው። የአሌክሳንድሪያዎቹ ግን በመጀመሪያ ሁለቱ ላይ ብቻ ይኑር፣ ከዚያ በኋላ አብርሃም እየደፈረ ሲሄድ ካባው ይውለቅና «ቢገኙስ?» ብቻውን ይቅር፣ 10 ላይ ሲደርስ ደግሞ ሊጨርስ ነውና «ምናልባት» ይመለስ አሉ። የመጽሔቱ አዘጋጆች ሁለቱንም ሙከራዎች በሚቀጥለው እትም ጎን ለጎን ያትማሉ። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደርና ከመንዝ የመጡ አንባቢያን በየአገራቸው «ቢመጣስ» እና «ቢመጣሳ» በምን እንደሚለያዩ፣ ሽማግሌ ለሹም ሲናገር የትኛውን እንደሚመርጥ ቢጽፉልን አብረን እናወጣዋለን።